ለድንጋይ ቤት የሚስማማ ቀለም፦ ሁለት ጊዜ ቀብቼ ያወቅሁት

ቤታችን ጎንደር፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያሠራው ድንጋይ እንደ ልብ ይገኝ ነበር። ስለዚህ የፊት ለፊቱ ግድግዳ እስከ መስኮቱ ሥር ድረስ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሁለቱ ማዕዘኖችም ከመሠረት እስከ ጣሪያ ድንጋይ ናቸው። ቀሪው ብሎኬት ነው፤ በሲሚንቶ ተለስኗል። የድሮው ቆርቆሮ ዝጎ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በኢጋ ቆርቆሮ ቀየርነው። የአዲሱ ቀለም ቀይ ዳማ ነው፤ ጡብ ይመስላል።

ይህን የምጽፈው እንደ እኛ ያለ ቤት ኖሯችሁ ቀለም ለመቀባት ላሰባችሁ ነው። እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀባሁ። የመጀመሪያውን ገንዘብ ውኃ በላው። ከሁለተኛው ወዲህ ግን እናቴ ወንበሯን ደጅ አውጥታ፣ ቤቱን እያየች ትቀመጣለች። በሁለቱ መሃል የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ነው። እንግዳ ይመጣብን ነበር። ጎንደር ጥምቀት ሲደርስ ማን ቤቱን ሳይነካካ ያልፋል? አጥሩ ይጠገናል፣ በሩ ይቀባል፣ ግቢው ይጸዳል። እኔም ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አራዳ ወዳለው ቀለም ሱቅ ወርጄ ካርታውን ገለጥኩ። ካርታ የምለው ትንንሽ ባለ ቀለም ካሬዎች የተደረደሩበትን የቀለም መምረጫ ነው። ዓይኔ አንድ ደማቅ ቢጫ ላይ አረፈ። ልክ የሎሚ ልጣጭ። ሱቁ ውስጥ በአምፖል ብርሃን ሳየው ደስ አለኝ። በሁለት ቀን ግድግዳው ተቀብቶ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁት። ድንጋዩ ጥላሸት የተቀባ መሰለ። ስንት ዓመት አምሮ የኖረ ድንጋይ ቆሻሻ ሆኖ ታየኝ። ጣሪያውም ጡብነቱ ጠፍቶ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ይመስል ጀመር። ድንጋዩ ያው ነው፣ ጣሪያውም ያው ነው። የተለወጠው መሃላቸው የገባው ቢጫ ብቻ ነው። እናቴ ብዙ ዝም ብላ አየችውና «ልጄ፣ ቤቱ እኮ የእኛ አይመስልም» አለችኝ። ቃሏ አንጀቴን በላው።

ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው። ዓይናችን አንድን ቀለም ለብቻው አያይም። ከጎኑ ካለው ጋር እያነጻጸረ ነው የሚያየው። ደማቅ ቢጫ አጠገቡ ያለውን ነገር ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ሐምራዊ ይገፋዋል። ጠቆር ያለውን ደግሞ የባሰ ያጠቁረዋል። ስለዚህ የግድግዳ ቀለም ስትመርጡ ድንጋዩና ጣሪያው ምን መስለው እንደሚታዩም አብራችሁ እየወሰናችሁ ነው። ድንጋይና ጣሪያ በየዓመቱ አይቀየሩም። ቀለም ግን ይቀየራል። እሺ ማለት ያለበት ቀለሙ ነው።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቅዳሜ የሠፈራችን አዛውንት ግንበኛ ቡና ሊጠጡ መጡ። ዕድሜያቸውን በድንጋይ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። «አባባ፣ ምን ባደርግ ይሻለኛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ምንም አላሉኝም። ስኒያቸውን አስቀምጠው «እስቲ አንድ ጆግ ውኃ አምጣ» አሉ። አመጣሁ። «ድንጋዩ ላይ ድፋው። ከዚያ ቀረብ ብለህ እየው።»

ደፋሁት። ውኃው ሲወርድበት ድንጋዩ ሌላ ሆነ። ጥቁር እያልኩ የኖርኩት ድንጋይ ጥቁር አልነበረም። አንዱ ቡና ይመስላል፤ ያረረ ሳይሆን ገና መቁላት የጀመረ ቡና። አጠገቡ ያለው ዳለቻ ነው፤ ውስጡ የወይራ ቅጠል የሚመስሉ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል። ሦስተኛው ጠርዝ ጠርዙን የዛገ ሚስማር ቀለም ይዟል። አባቴ መጋጠሚያውን በኖራና በአሸዋ ነበር ያስሞላው። የዓመታት አቧራው ሲታጠብ ከድንጋዮቹ መሃል በሶ የመሰለ ቀለም ወጣ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሳይ ውኃው ደረቀ። አባባ ሌላ ጆግ አስመጡኝ።

«ቀለምህ እዚህ ውስጥ አለ» አሉኝ፣ መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው እያሹ። «ሱቅ የምትሄደው ይህን ልትፈልግ ነው።»

ከዚያ ወዲህ የድንጋይ ቤት ያለው ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው። ድንጋዩን አርጥቡት። የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ እሳተ ገሞራ የወለደው። ውስጡ ብረት ስላለበት ዝናብና አየር ሲያገኘው ላዩ ቀስ እያለ ይዝጋል። አዲስ የተፈለጠው ግራጫ ሆኖ ሳለ፣ የቆየው ቡኒ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ጥቁር ድንጋይ ነው» ብላችሁ አትለፉት። አዲስ ግንብ ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ግራጫ ሊሆን ይችላል። የቆየ ከሆነ ሞቅ ያለ ቡኒ ነው። ካላወቃችሁት አንድ ነጭ ወረቀት አጠገቡ ያዙበት። ከነጩ አጠገብ ድንጋዩ ወደ ቡኒ እንደሚያደላ ወይም ወደ ሰማያዊ ግራጫ እንደሚሄድ ወዲያው ይለይላችኋል።

በማግስቱ ፋሲል ግቢ ገባሁ። ተወልጄ ያደግሁበት ከተማ ነው። ግንቡን ስንቴ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አይቼው አላውቅም። አጼ ፋሲል ጎንደርን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ቆረቆሩ ይባላል። እነዚያ ግንበኞች የቀለም ካርታ አልነበራቸውም። ያላቸው ቡናማው ድንጋይ፣ ኖራው፣ እና ለስላሳው ቀይ ድንጋይ ነው። ትልቁን ግድግዳ ለቡናማው ሰጡት። መጋጠሚያውን ኖራው ያበራዋል። ቀዩ የተቀመጠው በበሩና በመስኮቱ ቅስት ዙሪያ ነው። ሦስት ቀለም ብቻ። ቁስቋም ወጥቼ የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ ሳይም ቀዩን ድንጋይ በጌጡ ቦታ አገኘሁት። የሠፈሬ ግንብ ነው፤ ልጅ ሆነን ሥሩ ኳስ ስንጫወት ነው ያደግነው። ያን ቀን ቤታችንን ምን እንደምቀባው አወቅሁ።

ሰፊው ግድግዳ ከመጋጠሚያው ቀለም ይወሰዳል። በርና መስኮቱ ከጣሪያው ቅላት ይወሰዳል። ከታች ያለው ጠቆር ያለው ክፍል ከድንጋዩ ይወሰዳል። አራተኛ ቀለም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሱቁ ልመልሳችሁ። ቀለም ሱቅ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። እኔ ሁለተኛውን ጊዜ ስሄድ ከመጋዘን የተረፈች የቆርቆሮ ቁራጭ ይዤ ነበር። ከድንጋዩም ከአጥሩ ሥር የተፈለጠ እጅ የሚሞላ ስባሪ ያዝኩ። መጀመሪያ ስባሪውን ከሱቁ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ የካርታውን ገጾች አንድ በአንድ እያስጠጋሁ አየሁ። ስንቱ ያማረ ቀለም ከድንጋዩ ጎን ሲቀመጥ ተበላሸ! ንጹሕ ክሬም ያልኩት ሮዝ ሆነብኝ። ግራጫ ያልኩት ሰማያዊ ሆነ። ሦስት ብቻ ተረፉ። አንዱ የበሶ፣ አንዱ የሠርገኛ ጤፍ ዱቄት፣ አንዱ ደግሞ ከሁለቱ ፈዘዝ ያለ እንደ ገብስ ገለባ ያለ ነበር።

የካርታው ቀለም ደግሞ ያታልላል። በትንሽ ካሬ ላይ ለስለስ ያለ የሚመስለው ግድግዳ ሲሞላ ይደምቃል፣ ይነጣልም። ስለዚህ ከወደዳችሁት አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለውን ውሰዱ። አንዳንድ ካርታ ከቀለሙ ጀርባ ከ0 እስከ 100 የሚደርስ ቁጥር አለው። ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ነው የሚናገረው፤ 0 ጥቁር፣ 100 ነጭ ማለት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነች። የበጋ ፀሐያችን ስለታም ነው። በጣም ነጭ ግድግዳ ቀትር ላይ ዓይን ያስጨፍናል፣ ከጥቁር ድንጋይ አጠገብም ይጮኻል። መሃል ላይ ያለ፣ ከ55 እስከ 65 የሚሆን ቀለም ለእንዲህ ያለ ቤት ይበጃል እላለሁ።

ፀሐይን ካነሳሁ አይቀር፣ ቢጫዬ በነሐሴ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በስምንት ወር ውስጥ ምሥራቅና ምዕራብ ያሉት ግድግዳዎች ላይ ነጣ። በረንዳው ጥላ ሥር ያለው ደማቅ ሆኖ ቀረ። አንድ ቤት ሁለት ቢጫ ሆነ። ብዙዎቹ ደማቅ ቢጫና ደማቅ ቀይ የሚሠሩበት ማቅለሚያ ፀሐይ ቶሎ ይበላዋል። ከብረት ዝገት የሚሠሩት የአፈር ቀለሞች ግን ይጸናሉ። ቡኒ፣ የሸክላ ቀይ፣ የበሶ፣ የአሸዋ ቀለም ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ከድንጋዩ የተወሰደ ቀለም ከመስማማቱ ሌላ ዕድሜም አለው ማለት ነው። ሻጩን «ይህ ለውጭ ግድግዳ የሚሆን ነው ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የውስጥ ቀለም ውጭ ተቀብቶ ክረምት ሲመጣ እንደ ዱቄት ሲረግፍ አይቻለሁ።

ሦስቱን ቀለሞች በትንሽ በትንሹ አስቀመምኩ። አንድ አንድ ሊትር ይበቃል። መጀመሪያ ቢጫው ላይ ልሞክር ብዬ ነበር፤ ያ ስህተት ነው። ቢጫው ሥር ሆኖ ዓይንን ያሳስታል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ሦስት የኮምፔንሳቶ ቁራጮች ነጭ መሠረት ቀባኋቸው። ከደረቁ በኋላ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ በቀለሙ ቀባሁ። ከዚያ አንዱን ጫፍ ድንጋዩን እንዲነካ አድርጌ አስደገፍኳቸው። ሳምንት ሙሉ ከግድግዳ ግድግዳ አዞርኳቸው።

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሠርገኛ ጤፉ ቀለም ድንቅ ነበር። ቀትር ላይ ሞተ። ማታ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ ሮዝ አደላ። ግቢያችን ቀይ አፈር ነው። ዝቅ ያለ ፀሐይ አፈሩ ላይ አርፎ ቅላቱን ወደ ግድግዳው ይረጨዋል። የእናንተ ግቢ ሣር ከሆነ አረንጓዴ ይረጭባችኋል። የገለባው ቀለም ጠዋትም ማታም ደህና ነበር፤ ከድንጋዩ ጎን ግን የነጣ፣ ገና ያልተቀባ ይመስላል። የበሶው ሁሉንም ሰዓት ያዘው። በመጨረሻ ሁሉንም በውኃ ረጨኋቸው፣ ድንጋዩንም አራስኩት። በእኛ አገር ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ቤቱ የሚታየው እርጥብ ሆኖ ነው። በበጋ ብቻ የሚያምር ቀለም የዓመቱን ሲሶ ያስከፋችኋል። እርጥቡ ድንጋይ ሲጠቁር የበሶው ቀለም አብሮት ረጋ። እናቴ ከበረንዳው ሆና «እሱን ተወው፣ አትንካው» አለች። ጉዳዩ አለቀ።

የግድግዳው አቅጣጫም ይታሰብበት። ጎንደር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በቀሪው ጊዜ በደቡብ በኩል ነች። የሰሜኑ ግድግዳ ፀሐይ የሚያገኝበት ወቅት አብዛኛው ደመና ነው። ስለዚህ ይረጥባል፣ ሻጋታ ያበቅላል። ለእሱ ከቀለሙ ይልቅ ጽዳቱ ይቀድማል። በበረኪና ውኃ አሽቼ፣ አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ ነው የቀባሁት።

ጣሪያችሁ እንደ እኛ ቀይ ካልሆነስ? ማራኪ ሠፈር ያለች እህቴ ቤት ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው፤ ከታች ቡናማ ድንጋይ አለው። እሷ ግድግዳውን ጣሪያውን እንዲመስል ሰማያዊ ልትቀባው ነበር። ለመንኳት። ሰማያዊ ጣሪያ ላይ ሰማያዊ ግድግዳ ሲጨመር ድንጋዩ ለብቻው ባዕድ ይሆናል። ፈዘዝ ያለ፣ ግራጫ የነካው ክሬም ቀባች። ሰማያዊውን በሩ ላይ ብቻ ደገመችው፤ ያውም ከጣሪያው የጠቆረውን። አሁን ጣሪያው ከበሩ ጋር ይነጋገራል፣ ግድግዳው ከድንጋዩ ጋር። ለአረንጓዴ ጣሪያ የአሸዋ ቀለም ጥሩ ነው። ግድግዳውን ግን አረንጓዴ አታድርጉት። ነጭ ቆርቆሮ ያለው ሰው ብዙ ምርጫ አለው፤ ጣሪያው ቀለም ስለማይዝ ድንጋዩን ብቻ መስማት ይበቃዋል። ቆርቆሮውን ራሱን መቀባት ካማራችሁ ግን ተጠንቀቁ። አዲስ ዚንክ ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ ሲቀባ በዓመት በሁለት ዓመት እንደ ቅርፊት ይላጣል። ለዚንክ የሚሆን ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት፣ ከሥሩ መግባት አለበት።

ስለ በርና መስኮት ትንሽ ልቆይ። የእኛ ላሜራ ነው። ከጣሪያው ጋር አንድ ዓይነት ቀይ ላደርገው ፈልጌ ነበር። ቀቢው በዚህ ጥሩ ምክር ሰጠኝ። «ወንድሜ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ እየነጣ ይሄዳል። ዛሬ ልክ ብታደርገው የዛሬ ሦስት ዓመት ይለያያል። ጠቆር አድርገው፤ ያኔ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል።» እውነቱን ነው። ከጣሪያው ሁለት ደረጃ የጠቆረ ቀይ ዳማ አደረግነው። ላሜራው መጀመሪያ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ አንቲረስት፣ ዝገት የሚከላከለው ቀለም፣ ተቀባ። አሸንዳው ጣሪያውን መሰለ። ውኃ መውረጃው ቱቦ በተለሰነው ግድግዳ ላይ የግድግዳውን ቀለም ያዘ፣ በድንጋዩ ማዕዘን ላይ ደግሞ የድንጋዩን። እንዲህ ሲሆን ቱቦው ዓይን አይስብም። የበረንዳው ሁለት ምሰሶዎች ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኑ። ምሰሶን ለብቻው በሌላ ቀለም ማስጌጥ አልወድም፤ ቤቱን ይቆራርጠዋል።

ድንጋይ የሌላቸው የጎን ግድግዳዎች ከታች 50 ሳንቲ ሜትር ያህል የዳለቻውን ድንጋይ ቀለም ያዙ። የክረምት ጠብታ መሬት ነጥሮ ጭቃ የሚረጨው እስከዚያ ድረስ ነው። ከፊት ያለው ድንጋይም በዓይን ወደ ጎን ይቀጥላል።

ከዚሁ ቀቢ ጋር ግን በአንድ ነገር አልተስማማንም። «ድንጋዩን አብረቅራቂ ጥቁር ቀለም ላልብሰውና መጋጠሚያውን በነጭ ላስምረው» አለኝ። በከተማችን ብዙ ቤት እንዲህ ተደርጓል። ሲታይ ለሁለት ለሦስት ወር ያብለጨልጫል። እባካችሁ አታድርጉት። ድንጋይና መጋጠሚያው ከመሬት የወጣውንና በዝናብ የገባውን እርጥበት በአየር ማስወጣት አለባቸው። አብረቅራቂ ቀለም ሲሸፍነው እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከዚያ ቀለሙ ይነፋል፣ ይላጣል፣ መጋጠሚያው ይፈረፈራል። አንዴ የተቀባ ድንጋይ ደግሞ ወደ ቀድሞው መመለስ እጅግ ከባድ ነው፤ ቀለሙ የድንጋዩን ቀዳዳ ሁሉ ይሞላዋል። ያ በጆግ ውኃ ያየሁት የቡና፣ የወይራ፣ የዝገት ቀለም ሁሉ በአንድ ቡሩሽ ይጠፋል። አባቴ ያስጠረበውን ድንጋይ ያን ማድረግ አልቻልኩም። በለስላሳ ቡሩሽና በንጹሕ ውኃ ብቻ አጠብነው። የተቦረቦረውን መጋጠሚያ አባባ ራሳቸው መጥተው በኖራና በአሸዋ ሞሉልኝ። የፋሲል ግንብ የቆመውም በኖራ ነው። በኖራ የተገነባ አሮጌ ግንብ ላይ ጠንካራ ሲሚንቶ ሲሞላ፣ ሲሚንቶው እርጥበቱን ወደ ድንጋዩ ይገፋዋል።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ አልልም፤ ጥሩ ቀቢ ያውቀዋል። ሁለት ነገር ግን ራሳችሁ አረጋግጡ። መዳፋችሁን አሮጌው ቀለም ላይ አሹት። ዱቄት ከያዘ ቢታጠብም ማጣበቂያ ፕራይመር ይፈልጋል። ሌላው አዲስ ልስን ነው። በእኛ ቤት የተሰነጠቀ ቦታ ተፍቆ እንደገና ተለስኖ ነበር። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይድረቅ። ከዚያ በፊት ከተቀባ ውስጡ ያለው ኖራማ ኃይል ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ ነጭ ጨውም ይተፋል። ቀቢው ተቻኩሎ ነበር፤ እኔ ጠበቅሁ።

መጠኑን እንዴት እንዳሰላሁት ልንገራችሁ፤ ሰው እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ያባክናል። የሚቀባው ልስን ዙሪያው 34 ሜትር፣ ከፍታው በአማካይ 2 ሜትር ነው። 68 ካሬ ይሆናል። በርና መስኮት 11 ካሬ ሲቀነስ 57 ይቀራል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 114 ካሬ ነው። ልስናችን ትንሽ ሻካራ ስለሆነ 1 ሊትር 9 ካሬ ይሸፍናል ብዬ አሰብኩ። 13 ሊትር ገደማ መጣ። ባለ 4 ሊትር አራት ጣሳ ገዛሁ፤ ትርፉ ለጥገና ነው። ልስናችሁ ለስላሳ ከሆነ ያነሰ ይበቃችኋል። ኳርትዝ ቀለም ከሆነ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። እሱ አሸዋ ያለው ወፍራም ቀለም ነው፤ ብዙ ይበላል። ከተጠረበ ድንጋይ ጎን ሌላ ሻካራ ነገር ሲመጣ ድንጋዩ ልዩነቱን ያጣል። እኔ ለስላሳውን፣ የማያብለጨልጨውን መረጥኩ።

አራቱን ጣሳ ሳልጠቀም በፊት በአንድ ትልቅ ባልዲ ገለበጥኳቸው፣ አማሰልኩ፣ መልሼ ሞላኋቸው። በማሽን የተቀመመ ቀለም እንኳ ከጣሳ ጣሳ ትንሽ ይለያያል። ሳይቀላቀል ከተቀባ ግድግዳው መሃል ላይ መስመር ይወጣል። ይህን ካላደረጋችሁ ቢያንስ ጣሳ የምትቀይሩት ማዕዘን ላይ ይሁን።

ሥራው የተሠራው በኅዳር ነው። ዝናቡ አልቆ፣ ግድግዳው ደርቆ፣ ለጥምቀትም ጊዜ ተርፎ። ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ፣ 3 ሰዓት ድረስ አልጀመርንም። ከዚያ ጥላውን እየተከተልን ቤቱን ዞርን። ፀሐይ እየመታው ያለ ግድግዳ ላይ ቀለም ከሮለሩ ሳይወርድ ይደርቃል፤ የሮለሩ ፈለግም ይቀራል። በአራት ቀን ሦስቱ ግድግዳ አለቀ። ከመንገዱ ማዶ፣ ያኔ ልቤ በተሰበረበት ቦታ ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ድንጋዩ ነበር። ግድግዳውን ያየሁት ከድንጋዩ በኋላ ነው።

የኋላው ግድግዳ ግን አሁንም ቢጫ ነው። እዚያ የሚለሰነው ቦታ ሰፊ ስለነበር ልስኑ ዘግይቶ አለቀ፤ 28 ቀኑ ሳይሞላ ዘንድሮም ጥምቀት ደረሰብን። እንዲደርቅ ትቼዋለሁ። የተረፈውን ቀለም አጥብቄ ዘግቼ መጋዘን አስቀመጥኩት። ሱቁ የለጠፈው የቅመማው ቁጥር ያለበትን የአንዱን ባዶ ጣሳ ክዳን ግን አልጣልኩትም። በመጋዘኑ በር ጀርባ በሚስማር ሰቅዬዋለሁ፤ አጠገቡ ያቺ የቆርቆሮ ቁራጭ አለች፣ ሥሩ ደግሞ የድንጋዩ ስባሪ።